ተማሪ ሊያስቆመው የሚችል ትምህርት፦ የስክሪን ቀረጻ ቪዲዮን ለክፍል ማዘጋጀት

ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ፕላዝማ ገና አዲስ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የገባው ያ ትልቅ ቴሌቪዥን ትምህርቱን በሳተላይት ያመጣል። መምህራችን ጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቅና ስክሪኑ ይቀጥላል። ሥዕሉ ያምር ነበር፤ የሚያሳየውም ቤተ ሙከራ እኛ ጋ የሌለ ነበር። ግን አይቆምም። አንዲት ቃል ስታመልጠን አረፍተ ነገሩ ያልፋል፤ አረፍተ ነገሩን ስንጽፍ ጥያቄው ተጠይቆ መልሱ ተሰጥቷል። መምህራችንም ሊያቆመው አይችልም፤ እንደኛው ቆሞ ያያል።

ዛሬ ደሴ ላይ አይሲቲ አስተምራለሁ። ቪዲዮ ለክፍል በማዘጋጅበት ጊዜ ሁሉ ያ የማይቆም ስክሪን ትዝ ይለኛል። የስክሪን ቀረጻን የወደድኩትም በዚህ ምክንያት ነው፤ ተማሪው ጣቱን ነክቶ ያስቆመዋል፣ አሥር ሰከንድ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፣ ሳያፍር አምስት ጊዜ ያየዋል። ከታች የምጽፈው የጊዜ ርዝመት፣ የድምፅ ጥራት፣ የፋይል መጠን፣ የክፍል አጠቃቀም ሁሉ ይህችን አንድ ነገር ለመጠበቅ ነው።

የስክሪን ቀረጻ ማለት በኮምፒውተሩ ወይም በስልኩ ስክሪን ላይ የሚሆነውን ሁሉ ከመምህሩ ድምፅ ጋር በቪዲዮ መያዝ ነው። ካሜራ አይፈልግም፣ ፊት ማሳየትም ግዴታ አይደለም። ለአይሲቲ ብቻም አይደለም። የሒሳብ መምህር ጂኦጂብራ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም የፓራቦላን ግራፍ ሲያንቀሳቅስ፣ የፊዚክስ መምህር የፌት ሲሙሌሽን (የሳይንስ ሙከራን ስክሪን ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም) ከፍቶ የኤሌክትሪክ ዑደት ሲዘረጋ፣ የጂኦግራፊ መምህር በሳተላይት ካርታ ላይ ከጦሳ ተራራ ተነስቶ የቦርከናን ወንዝ ተከትሎ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ፣ ሁሉም ሊቀረጽ ይችላል። ጂኦጂብራም ሆነ ብዙዎቹ የፌት ሲሙሌሽኖች አንዴ ከወረዱ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከምዕራፍ ሳይሆን ከጥያቄ ተነሱ

መጀመሪያ የሠራሁት ቪዲዮ 40 ደቂቃ ነበር። የኤክሴልን፣ የሠንጠረዥ ፕሮግራሙን፣ ምዕራፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሸፈንኩበት፣ ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። ተማሪዎቼ ጋ ደረሰ። ከሳምንት በኋላ ግን የተጠየቅሁት ቪዲዮው ውስጥ በደንብ ያስረዳሁትን ነገር ነው። የፈለጉት ነገር ስንተኛው ደቂቃ ላይ እንዳለ ማግኘት አልቻሉም። እ.ኤ.አ. በ2014 ፊሊፕ ጉኦና ባልደረቦቹ በኢዴክስ የኦንላይን ትምህርት 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ እይታዎችን መርምረው ነበር። ቪዲዮው የቱንም ያህል ቢረዝም የተመልካቹ መካከለኛ የቆይታ ጊዜ ከ6 ደቂቃ እንደማይበልጥ አገኙ። እኔ 4 ደቂቃን ወሰን አድርጌ ይዣለሁ። ስልክ ላይ ለሚያይና ዳታ ለሚቆጥር ተማሪ 4 ደቂቃም አያንስም።

ስለዚህ ደብተር ያዙ። በክፍል ውስጥ ተማሪ የጠየቀውን፣ በተለይም ሁለትና ሦስት ተማሪ ደጋግሞ የጠየቀውን፣ በተማሪው አባባል ጻፉት። አንድ ጥያቄ አንድ ቪዲዮ ይሆናል። የቪዲዮው ርዕስም ራሱ ጥያቄው ይሁን። «ምዕራፍ 3 ክፍል 2» ከሚል ርዕስ ይልቅ «ቀመሩን ወደ ታች ስጎትተው ለምን ዜሮ ይመጣል?» የሚለውን ተማሪው ሳይቸገር ያገኘዋል።

ይህን ጥያቄ በምሳሌነት ልያዘውና እስከ መጨረሻው አብረን እንሂድ። በኤክሴል የአንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ዝርዝር አለን፤ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ማስመሪያ፣ ላጲስ። ዋጋቸው ከቢ2 እስከ ቢ5 ተጽፏል፤ ፊደሉ ዓምዱን፣ ቁጥሩ ረድፉን ይናገራል። ኢ1 ላይ ተጨማሪ እሴት ታክሱ፣ 15 በመቶ፣ ለብቻው ተቀምጧል። ተማሪው ሲ2 ላይ ቢ2ን በኢ1 አባዝቶ የደብተሩን ታክስ ያገኛል። ትክክል ነው። ከዚያ በሲ2 ቀኝ ታችኛ ጥግ ያለችውን ትንሽ ካሬ ይዞ ቀመሩን ወደ ታች ይጎትታል፤ ከደብተሩ በታች ያለው ሁሉ ዜሮ ይሆናል። ኤክሴል ቀመሩን ሲያወርድ ቢ2ን ቢ3 እንዳደረገው ሁሉ ኢ1ንም ኢ2፣ ኢ3፣ ኢ4 ያደርገዋል፤ እነዚያ ደግሞ ባዶ ናቸው። መፍትሔው ከኢ በፊትና ከ1 በፊት የዶላር ምልክት ማስገባት ነው፤ ቀመሩ ውስጥ ኢ1 ላይ ሆኖ የኤፍ4 ቁልፍን መጫንም ያስገባዋል። ይህን ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስንት ጊዜ እንዳስረዳሁት አልቆጥረውም። ሲንቀሳቀስ ካልታየ አይገባም።

በወረቀት ላይ አራት መስመር

ሙሉ ጽሑፍ አዘጋጅታችሁ እያነበባችሁ አትቅረጹ፤ የሚያነብ ሰው ድምፅ ወዲያው ይታወቃል፣ ያስተኛልም። ያለ ምንም ዝግጅት መጀመር ደግሞ «እ... እንግዲህ... አሁን...» እያሉ ሁለት ደቂቃ ማባከን ነው። አራት መስመር በቂ ነው። ለምሳሌያችን የጻፍኩት ይህ ነበር፦

1. ዜሮው ሲመጣ አሳይ። ምክንያቱን ገና አትናገር።
2. «አሁን አስቁሙት፤ ሲ3 ውስጥ ምን ተጽፏል?» በል። ሦስት ሰከንድ ዝም በል።
3. ሲ3ን ሁለቴ ንካ፤ ኢ2 ባዶ መሆኑን በቀለሙ አሳይ።
4. ኤፍ4። እንደገና ጎትት። ቁጥሩ ሲመጣ ጨርስ።

ሁለተኛው መስመር ላይ ያለውን ዝምታ አደራ እንዳትዘሉት። የፕላዝማው መምህር ያልነበረው ይህ ነው።

ቋንቋውን በተመለከተ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ የቁልፉንና የማዘዣውን ስም ስክሪኑ ላይ እንደተጻፈው በእንግሊዝኛ ጥሩት፣ ማብራሪያውን በአማርኛ አድርጉት። መጽሐፉም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ስለሆነ ተማሪው ስሙን ማወቅ አለበት፤ ነገሩ የሚገባው ግን ቤቱ በሚናገርበት ቋንቋ ነው። ኮምቦልቻ ላይ የሚያስተምር አንድ ወዳጄ፣ ከክፍሉ ብዙዎቹ በቤታቸው አፋን ኦሮሞ የሚናገሩ ናቸውና፣ የእኔን ቪዲዮ ድምፅ አጥፍቶ በራሱ ድምፅ እንደገና ቀርጾታል። ልኬለት «ምስሉ ያስቸግርህ ይሆን?» ብለው «አብሽር፣ እጁ ያንተ፣ አፉ የኔ» አለኝ። እንዲህ መተባበር ይቻላል፤ ምስሉ አንዴ ከተሠራ ድምፁን መተካት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ሌላ ነገር፣ ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን አረፍተ ነገር ቃል በቃል አታንብቡት። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ የሚሠራው ሪቻርድ ማየር ለብዙ ዓመታት ባደረጋቸው ጥናቶች፣ ያው ጽሑፍ በዓይንም በጆሮም በአንድ ጊዜ ሲመጣ ከምስሉ ጋር እየተሻማ ተማሪውን እንደሚያደናግር አሳይቷል። ስክሪኑ ያሳይ፣ እናንተ ምክንያቱን ተናገሩ።

ስክሪኑን አጽዱ፣ አጉሉ

እዚህ ላይ በጣም አጠብቃለሁ፤ ያለፈ ዓመት አንዲት ተማሪ ቪዲዮዬን በስልኳ እያየች ጠጋ ብላ «ቲቸር፣ የቱን ነው የነኩት?» ብላኝ ነበር። ስልኳን ተቀብዬ አየሁት። በእኔ ላፕቶፕ ላይ በደንብ የሚታየው የማውሱ ቀስት እሷ ስልክ ላይ የጤፍ ፍሬ ታክላለች። ማዘዣው ላይ ያለው ጽሑፍም አይነበብም። እኔ «ይህን እንጫናለን» እያልኩ ነው፤ «ይህን» የትኛው እንደሆነ ለእሷ አልታየም።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ አደርጋለሁ። የላፕቶፑን የስክሪን መጠን ወደ 1280 በ720 አወርደዋለሁ፤ ሁሉ ነገር ራሱ ይተልቃል። ኤክሴሉን ኮንትሮል ይዤ የማውሱን ጎማ በማዞር እስከ 180 በመቶ አጎላዋለሁ። ከዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ የማውሱን ቀስት ትልቅና ቢጫ አደርገዋለሁ። በምቀርጽበት ጊዜ ደግሞ «ይህ» እና «እዚህ» የሚሉትን ቃላት ከአፌ አውጥቻለሁ፤ «ከላይ በስተግራ፣ ሆም የሚለው» እላለሁ። ማውሱን ከመንካቴ በፊት ቦታው ላይ አንድ ሰከንድ አሳርፈዋለሁ። እየተናገሩ ማውሱን በስክሪኑ ላይ ማንሸራሸር መጥፎ ልማድ ነው፤ ዓይን የሚንቀሳቀሰውን ይከተላል።

የማይፈለገውን ሁሉ ዝጉ። ቴሌግራም፣ ኢሜይል፣ የተከፈቱ ፎልደሮች። በስልክ የምትቀርጹ ከሆነ «አትረብሽ» የሚለውን አብሩ፣ ዳታውንም አጥፉ። እኔ አንድ ጊዜ ይህን ረስቼ፣ ከቤተሰብ የመጣ የሕመም ወሬ የያዘ መልእክት በቀረጻው መሐል ብቅ ብሎ 60 ተማሪ ጋ ደርሷል። የባንክና የቴሌብር መልእክትም እንዲሁ ብቅ ይላል። የተማሪዎች ስምና ውጤት ያለበት ሮስተር ከጀርባ ተከፍቶ እንዳይታይም ተጠንቀቁ፤ ያ የእናንተ ሚስጥር አይደለም።

ድምፅ

ተማሪ የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፣ የማይሰማ ድምፅ ግን አይታገሥም። ውድ ማይክ አያስፈልጋችሁም፤ ከስልክ ጋር የሚመጣው ኢርፎን ላይ ያለችው ማይክ ከላፕቶፑ ማይክ ትሻላለች፣ ለአፍ ስለምትቀርብ። ልብስ እንዳትነካ ብቻ በእጅ ያዟት ወይም ኮሌታ ላይ አስጠግታችሁ በመርፌ ቁልፍ አስሯት።

ሰዓቱን መምረጥ ከማይኩ ይበልጣል። ደሴ በክረምት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች እንኳ አይሰማሙም፤ ያን ጊዜ መቅረጽ ከንቱ ድካም ነው። ሌሊት አሥር ሰዓት ተነስቼ ሞክሬያለሁ፤ ከአንዱ በኩል ቅዳሴው፣ ከሌላው በኩል አዛኑ ይመጣል። ለእኔ የተመቸኝ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ነው፣ ባጃጁ ሲቀንስ። መስኮቱን እዘጋለሁ፣ ፊት ለፊቴ ያለው ግድግዳ ላይ ብርድ ልብስ እሰቅላለሁ። ባዶ ክፍል ውስጥ ድምፅ ያስተጋባል፤ ብርድ ልብሱ ይውጠዋል። ትምህርት ቤታችሁ የሚኒ ሚዲያ ክፍል ካለውና ከሰዓት በኋላ ባዶ ከሆነ ክበቡን ጠይቁ፤ ማይክም አላቸው።

ሙሉውን ከመቅረጻችሁ በፊት 20 ሰከንድ ቀርጻችሁ በኢርፎን ሳይሆን በስልኩ ስፒከር አዳምጡት። ተማሪው የሚሰማው በዚያ ነው።

ቀረጻው፣ በስልክ

አንድሮይድ 11 እና ከዚያ በላይ የሆነ ስልክ የስክሪን መቅረጫ አብሮት አለ። ጣታችሁን ከላይ ወደ ታች ሁለት ጊዜ ሳቡ፤ ከሚመጡት ትንንሽ ሳጥኖች መካከል «ስክሪን ሪኮርድ» የሚለውን ፈልጉ። ካላያችሁት የእርሳስ ምልክቷን ነክታችሁ ከተደበቁት ውስጥ ጎትታችሁ አምጡት። ስትነኩት ሁለት ነገር ይጠይቃችኋል፦ ድምፁ ከየት ይምጣ? ማይክሮፎን በሉ። ጣት የነካበት ቦታ ይታይ? ይታይ በሉ፤ በነካችሁበት ቦታ ሁሉ ክብ ምልክት ይወጣል፣ ተማሪውም ይከተላችኋል። ሳምሰንግ፣ ቴክኖና ኢንፊኒክስ ላይ ስሙና ቦታው ትንሽ ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው። አይፎን ላይ ከኮንትሮል ሴንተር ክቧን ነጥብ ጫን አድርጋችሁ ስትይዟት ማይኩን የሚያበራ ምልክት ይመጣል፤ ያንን የማያውቁ ብዙዎች ድምፅ የሌለው ቪዲዮ ይዘው ይቀራሉ። ስልኩን አግድም አዙሩት። የተቀረጸው ጋለሪ ውስጥ ይቀመጣል።

ቀረጻው፣ በላፕቶፕ

ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ የዊንዶውስ ቁልፍን፣ ኦልትንና አርን አንድ ላይ ስትጫኑ መቅረጽ ይጀምራል፣ ደግማችሁ ስትጫኑ ያቆማል። ጥሩ ነው፣ ምንም አይጫንም። ግን የሚቀርጸው አንድ የተከፈተ ፕሮግራምን ነው፤ ዴስክቶፑንና ፎልደሮችን አይቀርጽም። ስለዚህ «ፋይል ከፍላሽ ወደ ኮምፒውተር እንዴት ይገለበጣል» የሚለውን ትምህርት በዚህ አትሠሩትም። ፓወርፖይንት ካላችሁ ኢንሰርት ውስጥ ስክሪን ሪኮርዲንግ የሚል አለ፤ ቀርጻችሁ ስትጨርሱ በቀኝ የማውስ ቁልፍ ነክታችሁ ቪዲዮውን ለብቻው ታስቀምጡታላችሁ።

እኔ የምጠቀመው ኦቢኤስ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ነው። ሲከፈት ያስፈራል፣ ብዙ ሳጥን አለው። የሚያስፈልጋችሁ ግን ጥቂቱ ነው። «ሶርስስ» በሚለው ሳጥን ሥር የመደመር ምልክቷን ነክታችሁ «ዲስፕሌይ ካፕቸር» በሉ፤ ስክሪናችሁ ብቅ ይላል። «ኦዲዮ ሚክሰር» ውስጥ ስትናገሩ የማይካችሁ መስመር ቢጫው ላይ ደርሶ ከተመለሰ ደህና ነው፤ ቀዩን ከነካ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ቀንሱት። ከዚያ ወደ ሴቲንግ ገብታችሁ በ«ቪዲዮ» ሥር መጠኑን 1280 በ720 አድርጉ፣ ፍሬሙን (የሚያዙትን ምስሎች ብዛት) በሰከንድ 15። ስክሪን ላይ ብዙ እንቅስቃሴ ስለሌለ 15 ይበቃል። በ«አውትፑት» ሥር ቢትሬቱን፣ ማለትም በየሰከንዱ የሚጻፈውን የመረጃ መጠን፣ 1000 አድርጉት።

ይህ የመጨረሻው ቁጥር ለተማሪው ኪስ ነው። በ1000 የተቀረጸ ቪዲዮ ከነድምፁ ለ1 ደቂቃ ከ8 ሜጋባይት ትንሽ ይበልጣል፤ 4 ደቂቃው 34 ገደማ ይሆናል። ያንኑ በ8000 ብትቀርጹት 240 ሜጋባይት ያልፋል። ጽሑፍና ሠንጠረዥ ለሚታይበት ትምህርት የሁለቱ ልዩነት በስልክ ላይ ብዙም አይታይም። ዳታ የሚገዛው ተማሪው እንጂ እኛ አይደለንም።

አሁን መብራት። 25 ደቂቃ ያህል ቀርጬ ልጨርስ ስል መብራት ጠፋ፤ የላፕቶፔ ባትሪ ያረጀ ስለነበር አብሮ ጠፋ። መብራቱ ሲመጣ ፋይሉ አለ፣ ግን አይከፈትም። ምክንያቱን ያወቅሁት ኋላ ነው። ተራው ኤምፒ4 ፋይል ስለራሱ የሚናገረውን መረጃ የሚጽፈው በመጨረሻ፣ ቀረጻው ሲቆም ነው። ሳይቆም ከተቋረጠ ማንበቢያ የሌለው ፋይል ይሆናል። ኤምኬቪ የሚባለው ዓይነት ግን እየጻፈ ስለሚሄድ መብራት ቢጠፋም እስከዚያ ድረስ ያለው ይተርፋል። ስለዚህ ኦቢኤስ ላይ የቀረጻውን ዓይነት ኤምኬቪ አድርጉት፤ ሲያልቅ በ«ፋይል» ሥር «ሪማክስ ሪኮርዲንግስ» የሚለውን ነክታችሁ በደቂቃ ውስጥ ወደ ኤምፒ4 ቀይሩት። ስልክ ላይ የሚከፈተው ኤምፒ4ቱ ነው።

ስትሳሳቱ ቀረጻውን አታቁሙ። ሁለት ሰከንድ ዝም በሉና አረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ድገሙት፤ የተሳሳተው በኋላ ይቆረጣል። መቁረጡን በስልኩ ጋለሪ መሥራት ይቻላል። ከዚህ ያለፈ ማስዋብ፣ ሙዚቃ፣ የሚሽከረከር ርዕስ፣ አያስፈልግም። ሙዚቃው ድምፃችሁን ይሸፍናል።

ለተማሪው ማድረስ

አብዛኞቹ ተማሪዎቻችን ቴሌግራም አላቸው። ግሩፕ ውስጥ ቪዲዮው በሰላምታና በስቲከር ሥር ይቀበራል፤ ቻናል ክፈቱ፣ ቪዲዮ ብቻ ይቀመጥበት። በየቪዲዮው ሥር ጥያቄውን በአንድ መስመር፣ መጠኑንም በሜጋባይት ጻፉ። ተማሪው ዳታውን አይቶ ይወስን፤ የሌሊት ጥቅል ያለው ሌሊት ያወርደዋል።

ቴሌግራም የሌለውን አትርሱት። ከኩታበር፣ ከገራዶ ወይም ከሐይቅ ማዶ መጥቶ ደሴ ክፍል ተከራይቶ የሚማር ልጅ ዓርብ ማታ ስንቁን ሊያመጣ ወደ ገጠር ይሄዳል። እዚያ ኔትወርክ ላይኖር ይችላል፤ ቻርጅም በሶላር ነው። ለእነዚህ ልጆች ዓርብ በእረፍት ሰዓት ቪዲዮውን ዜንደር በሚባለው የፋይል ማስተላለፊያ መተግበሪያ ከስልክ ወደ ስልክ አሳልፋለሁ፤ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ 34 ሜጋባይት በሰከንዶች ያልፋል። አንዱ ለሌላው እያሳለፈ ሳልጨርሰው ይዳረሳል። ትምህርት ቤቱ ስልክ የሚከለክል ከሆነ ደግሞ ርዕሰ መምህሩን አስቀድማችሁ አናግሩ። ሚሞሪ ካርድና ፍላሽ ለቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ይበቃል፤ ከሕጉ ጋር መጋጨት አያስፈልግም።

በክፍል ውስጥ

ፕሮጀክተር ካለ ተጠቀሙበት፤ ግን ደሴ ላይ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት ፀሐዩ በመስኮት ሲገባ ምንም አይታይም። መጋረጃ ከሌለ ካርቶን ቀድማችሁ ለጥፉ። ስፒከርም ያስፈልጋል፤ የላፕቶፕ ድምፅ 60 ተማሪ ላለበት ክፍል ኋላ ወንበር አይደርስም።

ቪዲዮውን ከፍታችሁ እስኪያልቅ አብራችሁ ማየት የፕላዝማውን ጥፋት መድገም ነው። እኔ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ የማደርገው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ቪዲዮውን አልከፍትም። የሱቁን ዝርዝር ሰሌዳ ላይ ጽፌ «ቀመሩን ወደ ታች ብጎትተው ሲ3 ላይ ምን ይመጣል?» እላለሁ፤ ሁሉም ግምቱን ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ከዚያ የመጀመሪያውን ደቂቃ ብቻ አጫውታለሁ። ዜሮው ይመጣል። አቆመዋለሁ። በዚህች ቅጽበት ክፍሉ ውስጥ የሚነሳው ጉርምርምታ የትምህርቱ መነሻ ነው፤ ሳይቸኩሉ ማዳመጥ ያስፈልጋል። አንዱ «ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ነው» ይላል፣ ሌላዋ «ታክሱ ወርዶ ነው» ትላለች። የእሷን ይዤ «የት ወረደ?» ብዬ ወደ ጥንድ ውይይት እልካቸዋለሁ። የቀረው ቪዲዮ የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው። ያኔ ስክሪኑ መልስ ይዞ ይመጣል፤ ጥያቄው ግን አስቀድሞ የእነሱ ሆኗል።

ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ስንገባ አንድ ኮምፒውተር ላይ ሦስት ተማሪ ይቀመጣል። አንዱ ማውሱን ይይዛል፣ አንዱ ቪዲዮውን ከስልክ ወይም ከኮምፒውተሩ ያጫውታል፣ አንዱ ያዛል። የማዘዝ ሥራው ማውሱን ለያዘው በቃል መንገር ነው፤ በጣት መጠቆም ክልክል ነው። «ኢ1 ላይ ሂድ፣ ኤፍ4 ጫን»። በየሥራው ቦታ ይቀያየራሉ። ይህን ካላደረጋችሁ ማውሱን ዓመቱን ሙሉ የሚይዘው ቤቱ ኮምፒውተር ያለው ልጅ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኦንላይን እየተሰጠ ነው፤ ማውስ ይዞ የማያውቅ ልጅ እጅ እዚያ ወንበር ላይ እንዳይንቀጠቀጥ የእኛ ኃላፊነት ነው።

ኮምፒውተር ክፍል የሌላችሁ፣ በጦርነቱ ጊዜ የነበረው ጠፍቶ ያልተተካላችሁ ትምህርት ቤቶች፣ አምስት ተማሪ በአንድ ስልክ አድርጉ። ስልኩን የሚይዘው አንድ ነው፤ ግን የማስቆም ሥልጣን የሁሉም ነው። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ያሳረፈ ተማሪ «ቁም» ማለቱ ነው፣ ቪዲዮው ይቆማል፣ ያልገባውን ይናገራል። መጀመሪያ ሰሞን ዝምተኞቹ እስክሪብቶ አያሳርፉም። ስለዚህ እያንዳንዱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ማስቆም ግዴታው ነው አልኩ። አንድ ሰኞ ከኋላ የተቀመጠው ቡድን የ4 ደቂቃውን ቪዲዮ በ20 ደቂቃ ነው የጨረሰው። ዘጠኝ ጊዜ አስቁመውታል። ደብተራቸው ላይ የዶላር ምልክቱን ሥራ በራሳቸው ቃል «ቤቱን ይቆልፈዋል» ብለው ጽፈውት አገኘሁ። በሚቀጥለው ዓመት ቪዲዮውን ስደግመው ያንን ቃል ተጠቀምኩበት።

ማየት የተሳነው ወይም የመስማት ችግር ያለበት ተማሪ ካላችሁ ለየብቻ አስቡበት። ለመጀመሪያው የምትነኩትን ሁሉ በቃል መጥራት ይረዳዋል። ለሁለተኛው ያቺን የአራት መስመር ወረቀት ሰፋ አድርጋችሁ ጽፋችሁ ከቪዲዮው ጋር ስጡት።

ተማሪው ሲቀርጽ

ይህን ዘግይቼ ጀመርኩት፤ ዘንድሮ ግን ከሁሉ በላይ የምወደው ሆኗል። በተርሙ መጨረሻ በቡድን ከ2 ደቂቃ ያልበለጠ ቀረጻ እንዲያመጡ አዛለሁ፤ አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ለታናሽ ወንድማቸው እንደሚያስረዱ አድርገው። ስልክ የሌለው ከቡድኑ በአንዱ ስልክ ወይም በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ይቀርጻል። ምስሉ ማማር ነጥብ የለውም። የማዳምጠው የት ላይ እንደሚቆሙ ነው። ወረቀት ላይ ትክክለኛ መልስ የጻፈች ተማሪ ስትቀርጽ «ከዚያ... ኤፍ4 እንነካለን» ብላ ዝም አለች፤ ለምን እንደሚነካ አታውቀውም ነበር። በጽሑፍ ፈተና ያ ዝምታ አይታየኝም ነበር።

መልሴንም በዚያው መንገድ እሰጣለሁ። የተማሪውን ሥራ ስሙን ሸፍኜ ስክሪኔ ላይ ከፍቼ፣ 1 ደቂቃ እየተናገርኩ ቀርጬ ለእሱ ብቻ እልክለታለሁ። በቀይ እስክሪብቶ «ትክክል አይደለም» ከማለት ይልቅ ቦታውን ሲያይ ይገባዋል። ለ60 ተማሪ በየሳምንቱ ይህን ማድረግ አይቻልም፣ አልሞክረውምም። በወር ለአሥር ያህል፣ በተራ፣ በጣም ለተቸገሩት ቅድሚያ ሰጥቼ።

የቪዲዮዎቹን ዋና ቅጂ በሁለት ቦታ አስቀምጡ፣ አንዱ ላፕቶፑ ላይ፣ አንዱ ትምህርት ቤት ወይም ቤት በሚቀር ፍላሽ ላይ። የፋይሉን ስም በክፍል ደረጃ፣ በምዕራፍና በጥያቄው ሰይሙት። መጽሐፉ ሲቀየር ወይም ፕሮግራሙ ሲታደስ የሚያረጀው አንዱ የ4 ደቂቃ ቪዲዮ ብቻ ነው፤ እሱን ብቻ እንደገና ትቀርጹታላችሁ። ነገ ክፍል ስትገቡ ግን ላፕቶፑን አትያዙ፤ ደብተሩን ያዙና ሁለት ጊዜ የተጠየቀውን የመጀመሪያ ጥያቄ ጻፉ።